መድኃኒትን በደዌው ስፍራ ማኖር፤ የጡት ነቀርሳ ሕክምና ታሪክ

ሕክምና ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ አንድ ጥያቄ ሐኪሞችን ሲያከራክር ኖሯል። ይኸውም ደዌ የሚያድረው በአንድ ብልት ነው ወይስ በመላው አካል የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት የፍልስፍና ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን የሕክምናው መንገድ ሁሉ የሚወሰነው በመልሱ ነው። ደዌው በአንድ ስፍራ ያለ እንደ ሆነ መድኃኒቱም ወደዚያው ስፍራ መሄድ ይገባዋል፤ በሰውነት ሁሉ የተሠራጨ እንደ ሆነ ግን መድኃኒቱ ደሙን ተከትሎ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር መዳረስ አለበት። እሾኽ የወጋውን ሰው የሚያክም አዋቂ እሾኹን ነቅሎ ቁስሉን ያሽራል እንጂ ሰውየውን መራራ መድኃኒት አያጠጣውም፤ ንዳድ የያዘውን ሰው ደግሞ ግንባሩን በውኃ በማራስ ብቻ አያድነውም።

ይህ ክርክር በጡት ነቀርሳ ላይ እንደ ታየው ያህል ረዥምና መራራ ሆኖ የታየበት በሽታ ጥቂት ነው። ነቀርሳ ዛሬ በብዙ ሰው አፍ ካንሰር የሚባለው ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች የጡት ነቀርሳ እንዳለባቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት በዚሁ ሕመም የሞቱት 670,000 ያህል ናቸው። በኢትዮጵያም ሴቶችን ከሚያጠቁት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች በዚህ በሽታ ላይ የወሰዱትን መንገድ፣ የሳቱበትንና የቀናቸውን፣ ማወቅ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ሕዝብን ለሚያስተምር ሁሉ የሚጠቅም ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጥንት ሰዎች ሐሳብ

ስለ ጡት እብጠት ከሚናገሩት ጽሑፎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ በግብፅ አገር የተገኘው የፓፒረስ ጥቅልል ነው። ጥቅልሉን በ1862 በሉክሶር ከተማ የገዛው ኤድዊን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ስለ ሆነ በእርሱ ስም ይጠራል። የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ የቀደመ መጽሐፍ ግልባጭ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ። ጸሐፊው ለልዩ ልዩ ቁስልና ስብራት ሕክምናውን በየተራ ከዘረዘረ በኋላ፣ በጡት ላይ ስለሚወጣው፣ ሲዳስሱት ቀዝቃዛና ጠጣር ስለ ሆነው እብጠት ሲደርስ መድኃኒት የለውም ብሎ ያልፋል። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የኖረው ይህ አጭር ፍርድ የሐኪሙን እውነተኛነት ያሳያል፤ የማያውቀውን አውቃለሁ አላለምና።

በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ገሌን የተባለው የግሪክ ሐኪም ግን ምክንያቱን ዐውቄአለሁ አለ። በእርሱ አስተያየት ነቀርሳ የሚመጣው ጥቁር ሐሞት በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ነው፤ እብጠቱ የታየው በጡት ቢሆንም በሽታው የመላው አካል ነው። ከዚህም የተነሣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ደም በማፍሰስና የሚያስቀምጥ መድኃኒት በመስጠት ሲደክሙ ኖሩ። ሐሞቱ በእውነት የሌለ ነገር ነበር። ሆኖም በሽታው ከሚታይበት ስፍራ ይልቅ የሰፋ ነው የሚለው ሐሳብ በኋላ ዘመን በሌላ መልክ ተመልሶ እንደሚመጣ ቀጥሎ ይታያል።

የቢላዋ ዘመን

ዕጢውን ቆርጦ ለማውጣት የሚከለክለው ዋናው ነገር ሥቃዩ ነበር። ይህን መጀመሪያ ድል ካደረጉት አንዱ ጃፓናዊው ሐኪም ሐናኦካ ሴይሹ ነው። ሐናኦካ ለብዙ ዓመታት ዕፅዋትን ሲመረምር ኖሮ በኦክቶበር 1804 አንዲት የ60 ዓመት ሴት በመድኃኒት አስተኝቶ የጡቷን ነቀርሳ ቆርጦ አወጣ። የመድኃኒቱ ዋና ቅመም በአገራችን ዕፀ ፋርስ ከሚባለው ተክል ጋር ዘመድ የሆነ ዕፅ ነበር። ጃፓን በዚያ ዘመን በሯን ለውጭ አገር ሰዎች ዘግታ ስለ ነበር ግን ጥበቡ ወደ ሌላው ዓለም አልደረሰም። አውሮፓና አሜሪካ ሕመምተኛን አስተኝቶ መቅደድን የተማሩት በቦስተን ከተማ በ1846 በኤተር ከተደረገው ሕክምና በኋላ ነው። በ1867 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆዜፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ በማጠብ ከመመርቀዝ ማዳን እንደሚቻል ገለጠ።

ሥቃዩና መመርቀዙ ከተወገደ በኋላ ቢላዋው ደፋር ሆነ። አሜሪካዊው ቀዳጅ ሐኪም ዊልያም ሐልስቴድ ከ1882 ጀምሮ ጡቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና በብብት ያሉትን ዕጢዎች በአንድነት ነቅሎ ማውጣት ጀመረ፤ በ1894ም በባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የታከሙትን የ50 ሴቶች ታሪክ አሳተመ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ነቀርሳ ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ እንደ አረም ሥር ወደ ጎረቤት ይዘልቃል፤ ስለዚህ ሥሩ ሳይቀር በሰፊው የነቀለ ሐኪም በሽታውን ያጠፋዋል የሚል ነው።

በዚህ መንገድ የታከሙት ሴቶች ደረታቸው ጎድጉዶ፣ ክንዳቸው አብጦ፣ ትከሻቸው ከብዶ ይኖሩ ነበር። ቢሆንም ሕይወት ለማግኘት የተከፈለ ዋጋ ነው ተብሎ ለ80 ዓመት ያህል በብዙ አገር ሥራው እንደ ሕግ ጸና። ሐልስቴድ ራሱ በ1907 ያቀረበው ዘገባ ግን ሌላ ነገር ይጠቁም ነበር። የሴቲቱን ዕድል በአብዛኛው የሚወስነው ነቀርሳው ከመቅደዱ አስቀድሞ ወደ ብብት መዝለቁና አለመዝለቁ እንጂ የቢላዋው ስፋት አልነበረም። ይህን ምልክት በጊዜው ያስተዋሉት ጥቂቶች ናቸው።

ሁለት ልዩ መንገዶች

በዚያው ዘመን ሁለት ሰዎች ከቢላዋው ሌላ መንገድ ፈልገዋል። የመጀመሪያው በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ የነበረው ጆርጅ ቢትሰን ነው። ቢትሰን በወጣትነቱ ስለ ወተት አመጣጥ ሲመራመር፣ በአንዳንድ አገር ያሉ ከብት አርቢዎች የላምን የእንቁላል ዕጢ ቢያወጡ የወተቷ ነገር እንደሚለወጥ አነበበ። ጡትና የእንቁላል ዕጢ በሩቅ ሆነው የሚነጋገሩ ከሆነ፣ አንዱን በመንካት የሌላውን በሽታ ማከም አይቻልምን ብሎ ጠየቀ። በ1895 ተስፋ ለተቆረጠባት አንዲት ሴት የእንቁላል ዕጢዎቿን አወጣላት፤ የጡቷም ነቀርሳ እየሟሸሸ ሄደ። በ1896 ይህን አሳተመ። በሽታው በጡት ሳለ መድኃኒቱ ከሌላ ስፍራ መጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰው ከዚህ ተቃራኒ በሆነ መንገድ ሄደ። ማሪና ፒየር ኩሪ በ1898 ራዲየምን ካገኙ በኋላ የጨረሩ ኃይል የነቀርሳን ሕዋስ እንደሚገድል ታወቀ። በለንደን በሴንት ባርቶሎሜው ሆስፒታል የነበረው ጄፍሪ ኬንስ ከ1922 ጀምሮ ራዲየም የተሞሉ ቀጫጭን መርፌዎችን በጡቱ ውስጥ በዕጢው ዙሪያ ሰክቶ ለጥቂት ቀናት እንዲቆዩ ያደርግ ነበር፤ ጡቱን ግን አይቈርጥም። በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ በጊዜ የመጡት ሴቶች ውጤት ጡታቸው በሐልስቴድ መንገድ ከተቈረጠው እንደማያንስ አሳየ። የመድኃኒትን ኃይል በበሽታው ስፍራ አኑሮ ሌላውን አካል ማትረፍ የሚለው ሐሳብ ዛሬ ከሚሠራባቸው ልዩ ልዩ ዕቃዎች ሁሉ አስቀድሞ በእነዚህ መርፌዎች ተፈትኗል። ነገር ግን የዘመኑ ሐኪሞች ብዙዎቹ አላመኑትም፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነትም መጥቶ ሥራውን አቋረጠው።

መርዝ ወደ መድኃኒትነት ሲለወጥ

ሦስተኛው መንገድ የተወለደው ከጦር ሜዳ ነው፤ የኢትዮጵያም ሰው ይህን ታሪክ ያለ ኀዘን ሊያነበው አይችልም። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የሰናፍጭ ጋዝ፣ በሌላ ስሙ ኢፕሪት የሚባለውን መርዝ በቦምብ ጣለ፤ ከአውሮፕላንም እንደ ዝናም ረጨ። መርዙ ወታደርን ከገበሬ፣ ሰውን ከከብት፣ ውኃን ከሣር ሳይለይ በወረደበት ሁሉ ቆዳን አቃጠለ፤ ዐይንን አሳወረ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ ግፍ ለዓለም ገለጡ።

ይህ መርዝ ከሚያቃጥለው ቆዳ ሌላ ቶሎ ቶሎ የሚራቡትን የደም ሕዋሳት እንደሚገድል ሐኪሞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ተመልክተው ነበር። ነቀርሳም ያለ ልክ የሚራባ ሕዋስ ስለ ሆነ፣ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ ሊቃውንት የመርዙን ዘመድ ናይትሮጅን ማስታርድን በ1942 የንፍፊት ነቀርሳ ለያዘው ሰው በደም ሥር ሰጡ። ዕጢዎቹ ፈጥነው ሟሙ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ተመለሱ። ነገሩ የጦር ምሥጢር ስለ ነበር እስከ 1946 ድረስ አልታተመም። በዲሴምበር 1943 በኢጣልያ በባሪ ወደብ የሰናፍጭ ጋዝ ቦምብ የጫነች የአሜሪካ መርከብ ተመትታ ከ600 በላይ ሰዎች በተጐዱ ጊዜም፣ የተጐዱት ሰዎች ነጭ የደም ሕዋስ እንዳለቀ ተመርምሮ ታወቀ።

ኬሞቴራፒ የሚባለው ሕክምና እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ሌሎች መድኃኒቶች ተከታተሉ። በኢጣልያ በካስቴል ዴል ሞንቴ ግንብ አጠገብ ከተወሰደ አፈር በተገኘ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት በ1960ዎቹ ዓመታት የተገኘው ዶክሶሩቢሲን እስከ ዛሬ ለጡት ነቀርሳ ከሚሰጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። በሚላኖ ከተማም ጃኒ ቦናዶና ጡታቸው ከተቈረጠና ነቀርሳው ወደ ብብታቸው ከዘለቀ ሴቶች መካከል ለ207ቱ ሦስት መድኃኒቶች አንድ ላይ ሰጠ፤ 179ኙን ግን ያለ መድኃኒት ተከታተለ። በ1976 እንዳሳተመው በ27 ወር ጊዜ ውስጥ መድኃኒት ካገኙት በሽታው የተመለሰባቸው ከመቶ 5.3 ሲሆኑ ካላገኙት ግን ከመቶ 24 ነበሩ።

ጥቅሙ ታላቅ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ዕጢውን ከሌላው አካል አይለይም። ፀጉር ይረግፋል፤ አፍ ይቈስላል፤ ነጭ የደም ሕዋስ ያልቃል፤ ዶክሶሩቢሲንም ሲበዛ ልብን ያደክማል። ሐኪሙ መጠኑን ከፍ እንዳያደርግ የሚያግደው የነቀርሳው ጥንካሬ ሳይሆን የቀረው አካል መጐዳት ነው። ከተሰጠው መድኃኒት ዕጢው የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ሲሆን የቀረው የሚወርደው በጤነኛው አካል ላይ ነው።

የፊሸር ምስክርነት

በዚህ መካከል ቢላዋው ራሱ ለፈተና ቀረበ። በፒትስበርግ የነበረው በርናርድ ፊሸር ነቀርሳ ብዙ ጊዜ ገና ከመጀመሪያው በደም ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ሰፊ መቅደድ ከጠባብ መቅደድ አይበልጥም የሚል ሐሳብ ነበረው። በክርክር ፈንታ ሐሳቡን በቁጥር ፈተነው። በ1976 በተጀመረው ጥናት ሴቶች በዕጣ ተለይተው አንዳንዶቹ ሙሉ ጡታቸው ተቈረጠ፤ ሌሎቹ ዕጢው ብቻ ወጣላቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ዕጢው ከወጣ በኋላ በጨረር ታከሙ። በ2002 የታተመው የ20 ዓመት ውጤት 1,851 ሴቶችን ያጠቃለለ ሲሆን፣ በሦስቱ ወገኖች መካከል በዕድሜ ልዩነት አልተገኘም። በሚላኖ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ ዕጢያቸው ትንሽ በሆነ 701 ሴቶች ላይ ያደረገው ጥናትም ወደዚሁ ፍርድ አደረሰ።

የፊሸር ጥናት ሌላም ቁጥር ሰጠ። ዕጢው ብቻ ከወጣላቸው ሴቶች በ20 ዓመት ውስጥ ነቀርሳው በዚያው ጡት የተመለሰባቸው ከመቶ 39.2 ሲሆኑ፣ ጨረር ከተጨመረላቸው ግን ከመቶ 14.3 ነበሩ። ከዚህ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ሕይወትን የሚወስደው ወደ ሩቅ የሄደው ነቀርሳ ነው። ሁለተኛ፣ ዐይን የማያየው ቅሪት በቁስሉ ዙሪያ ይቀራል። ስለዚህ ደዌው በአንድ ስፍራ ነው ያሉትም፣ በመላው አካል ነው ያሉትም፣ ሁለቱም የእውነትን እኩሌታ ይዘው ነበር።

ቀስ እያለ የሚሰጥ ዕቃ

በቁስሉ ዙሪያ የቀረውን ለማጥፋት መድኃኒቱን በዚያው ስፍራ ማኖር ከተፈለገ፣ መድኃኒቱን ይዞ በየቀኑ በልክ የሚሰጥ ዕቃ ያስፈልጋል። እንዲያው የፈሰሰ መድኃኒት በጥቂት ሰዓት ታጥቦ ይሄዳልና። የዚህ ዕቃ ታሪክ የሚጀምረው በሜሪላንድ በቤተዝዳ ከተማ ከነበረ የባሕር ኃይል የሕክምና ተቋም ነው። ጁዳ ፎክማን የሚባል ወጣት ሐኪም ከባልደረባው ከዴቪድ ሎንግ ጋር በልብ ሕመም ላይ ሲመራመር፣ አንዳንድ ነገሮች በሲሊኮን ጎማ ግድግዳ ውስጥ ሾልከው እንደሚያልፉ ተመለከተ። በእንስራ የተቀመጠ ውኃ በሸክላው ውስጥ ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ እንደሚያልበው ማለት ነው። ሌላ ሰው ጉድለት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እነርሱ ግን መድኃኒት በጎማው ውስጥ ተዘግቶ ለብዙ ጊዜ ቀስ እያለ እንዲወጣ ማድረግ እንደሚቻል በ1964 አሳተሙ።

ከዚህ ሐሳብ መጀመሪያ የተጠቀሙት ሴቶች ናቸው። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው የወሊድ መቈጣጠሪያ፣ ኖርፕላንት የተባለው፣ በሲሊኮን ጎማ ተሠርቶ በ1983 በፊንላንድ ተፈቀደ። በኢትዮጵያ ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው የሚቀብሩት ኢምፕላኖን የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው። የገጠር ሴት በክንዷ ይዛው የምትሄደው ያ ቀጭን ዘንግ ዛሬ ነቀርሳን ለማከም ከሚታሰቡት ዕቃዎች ጋር አንድ የዘር ሐረግ አለው።

ትልልቅ የመድኃኒት ሞለኪዩሎች በእንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ ሊያልፉ አይችሉም ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን የሻረው ሮበርት ላንገር ነው። ላንገር በ1974 የኬሚካል ምሕንድስና ትምህርቱን ሲፈጽም ጓደኞቹ ብዙዎቹ ወደ ነዳጅ ኩባንያዎች ሄዱ፤ እርሱ ግን በተማሪነቱ ለድኻ ልጆች በተቋቋመ ትምህርት ቤት የሒሳብና የኬሚስትሪ ትምህርት ሲያዘጋጅ ስለ ነበር ሥራ ሲፈልግ መጀመሪያ ያመለከተው ሥርዐተ ትምህርት ለማዘጋጀት ነበር። የተቀበለው አልተገኘም። በኋላ በቦስተን ከፎክማን ዘንድ ተቀጠረ። ኢትሊን ቪኒል አሲቴት በሚባል ፖሊመር ብዙ ጊዜ ሞክሮ ከከሸፈበት በኋላ ትልልቅ ሞለኪዩሎችን ለብዙ ቀን ቀስ አድርጎ የሚሰጥ ዕቃ ሠራ፤ በ1976ም ከፎክማን ጋር አሳተመ። የኢምፕላኖን ዘንግ የሚሠራው ከዚሁ ከፖሊመሩ ዓይነት ነው። ሥራው ግን ወዲያው አልተመሰገነም፤ ላንገር ራሱ እንደ ተናገረው ለምርምሩ ገንዘብ ብሎ ያቀረባቸው የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ማመልከቻዎች ተመልሰውበታል።

የዕቃዎቹ አሠራር በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ከላይ እንደ ተባለው መድኃኒቱ በግድግዳው ውስጥ ሾልኮ የሚወጣበት ነው፤ ዕቃው ግን አይጠፋም፤ በኋላ መውጣት አለበት። ሁለተኛው ዕቃው ራሱ ከላይ ወደ ውስጥ እየሟሸሸ የሚያልቅበት ነው፤ ከብት የሚልሰው አሞሌ ጨው በየቀኑ ከላዩ እየሳሳ እንደሚሄድ ሁሉ፣ በየንብርብሩ የተያዘው መድኃኒት በየቀኑ በልክ ይወጣል። ሦስተኛው ውኃ ወደ ውስጡ ዘልቆ ሁለንተናው ቀስ በቀስ የሚፈርስበት ነው። የዚህ ዓይነቱ ዋና ምሳሌ ከላቲክ አሲድና ከግላይኮሊክ አሲድ የተሠራው ፖሊመር ነው፤ ሐኪሞች በኋላ መፈታት የማያስፈልገውን የስፌት ክር የሚሠሩትም ከዚሁ ወገን ነው። ላቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው፣ በሚሮጥ ሰው ጡንቻም ውስጥ የሚፈጠረው አሲድ ስለ ሆነ ሰውነት እንደ ባዕድ አያየውም፤ አቃጥሎ ወደ ውኃና ወደ ትንፋሽ ይለውጠዋል።

ከአንጎል ወደ ጡት

ይህ ሐሳብ በነቀርሳ ላይ መጀመሪያ የተፈተነው በአንጎል ነው። ላንገር ከጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ከሄንሪ ብሬም ጋር ሆኖ ከላይ ወደ ውስጥ ከሚሟሸሸው ፖሊመር ስስ ክብ ቁራጮች ሠራ፤ በእያንዳንዱም 7.7 ሚሊግራም ካርመስቲን የተባለ መድኃኒት ተጨመረ። ቀዳጁ ሐኪም የአንጎሉን ዕጢ ካወጣ በኋላ በቀረው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ እስከ ስምንት ቁራጭ ለጥፎ ይዘጋዋል። በ1995 በታተመው የ222 ሕመምተኞች ጥናት፣ መድኃኒቱ የተኖረላቸው ሰዎች የዕድሜ መካከለኛ ልክ 31 ሳምንት ሲሆን የሌሎቹ 23 ሳምንት ነበር። በ1996 በአሜሪካ ተፈቀደ። ስምንት ሳምንት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒትን በደዌው ስፍራ አኑሮ ማከም በሰው ላይ እንደሚቻል ተረጋገጠ።

ለጡት ነቀርሳ የመጣው የመጀመሪያው ዕቃ ደግሞ ከላቲክ አሲዱ ፖሊመር የተሠራ ነው። ጎሴሬሊን የተባለው መድኃኒት፣ በንግድ ስሙ ዞላዴክስ፣ የሩዝ ፍሬ በምታህል ቁራጭ ተይዞ በሆድ ቆዳ ሥር ይቀበራል፤ 3.6 ሚሊግራም ሆኖ በየ28 ቀኑ ይተካል። መድኃኒቱ የእንቁላል ዕጢን ያዘዋል፤ ለጡት ነቀርሳ ምግብ የሚሆነውን ሆርሞን ያስቀራል። ይህ የቢትሰን የ1896 ሐሳብ ነው፤ ልዩነቱ ቢላዋው መቅረቱ ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሚሠራው በደም ተሸክሞ ስለ ሆነ በስፍራው የተኖረ መድኃኒት ሊባል አይችልም።

በስፍራው የሚኖረው ገና በምርምር ላይ ነው። ዕጢው በወጣበት የጡት ጉድጓድ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ በሰውነት ሙቀት የሚረጋ ሃይድሮጄል፣ ከሸረሪት ድር የማይወፍር ክር ተደርቦ የተሠራ ጨርቅ፣ እንደ አንጎሉ ያለ ስስ ቁራጭ፣ ሁሉም ዶክሶሩቢሲንን ወይም ፓክሊታክሴልን ይዘው ብዙ ጊዜ በአይጥ ላይ ተፈትነዋል። በአይጥ የተገኘው ውጤት ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም በሰው ላይ የጸና ሕክምና ለመሆን ብዙ ይቀረዋል።

ምክንያቶቹ ግልጽ ናቸው። መድኃኒቱ ከተኖረበት ዕቃ ርቆ የሚሄደው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ከተቀበረ በኋላ ጉዳት ቢታይ እንደ ደም ሥር መርፌ በቀላሉ አይቋረጥም። ነቀርሳን የሚገድለው መድኃኒት ቁስሉ እንዳይድን ሊያግድ ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በፊሸር ጥናት እንደ ታየው የጨረር ሕክምና ይህንኑ ሥራ በደንብ ይሠራል፤ አዲሱ ዕቃ ከጨረሩ የሚሻልበትን ወይም የሚቀልበትን ነገር ማሳየት ይጠበቅበታል። ጨረሩም ቢሆን በድሮው ሁኔታ አልቀረም። ቀድሞ ለአምስት ሳምንት ያህል በየቀኑ መመላለስ ይጠይቅ የነበረው ሕክምና በሦስት ሳምንት እንዲፈጸም ሆነ፤ በእንግሊዝ አገር ተደርጎ በ2020 የታተመ ጥናትም ለብዙ ሴቶች አምስት ቀን እንደሚበቃ አሳይቷል።

የጨረር መሣሪያ በጥቂት ከተማ ብቻ በሚገኝበት አገር ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በኢትዮጵያ ለረዥም ዘመን ይህ ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወደ ሌሎች ከተሞች መስፋፋት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ከሩቅ አውራጃ የምትመጣ እናት ቤቷንና ልጆቿን ትታ፣ የምታድርበት ሳይኖራት፣ ተራ መጠበቅ ነበረባት። ቀዳጁ ሐኪም ዕጢውን ባወጣበት ሰዓት አኑሮት የሚዘጋው፣ በኋላም ራሱ ሟሙቶ የሚጠፋ ዕቃ ቢገኝ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለችው ሴት ነው። ምርምሩን ከሩቅ ለሚመለከት አፍሪካዊ ተስፋው ያለው በዚህ ላይ ነው።

የመምህሩ ድርሻ

ከዚህ ረዥም ታሪክ አንድ ትምህርት ይወጣል። ሐልስቴድ በሰፊው ቢቀድ፣ ኬንስ መርፌ ቢሰካ፣ ላንገር ቀስ እያለ የሚሰጥ ዕቃ ቢሠራ፣ በአንድ ስፍራ የሚደረግ ሕክምና ሁሉ ሙሉ ፍሬ የሚሰጠው በሽታው ገና በዚያ ስፍራ ሳለ ነው። ነቀርሳው ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ከሄደ በኋላ በጡት ውስጥ የተኖረው መድኃኒት የቱን ያህል ረቂቅ ቢሆን ሊደርስበት አይችልም። ደዌው በአንድ ስፍራ ነው ወይስ በመላው አካል የሚለውን የጥንት ጥያቄ ለአንዲት ሴት የሚመልስላት ብዙ ጊዜ ሐኪሙ አይደለም፤ ወደ ሐኪም የሄደችበት ቀን ነው።

በኢትዮጵያ ብዙዎቹ ሴቶች ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚታየው እብጠት ሕመም ስለሌለው ይናቃል፤ ኀፍረትም አለ፤ ጡት መቈረጥን መፍራት አለ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ጠበልና ወደ ባህል ሐኪም መሄድም አለ። ጠበል የሚጠጣውን ሰው ወደ ሆስፒታል ከመሄድ የሚከለክለው ሃይማኖት የለም፤ ሁለቱን በአንድነት ማድረግ እንደሚቻል በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ጡት ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደማይቈረጥ፣ በጊዜ የመጣች ሴት ዕጢው ብቻ ወጥቶላት ልትድን እንደምትችል ከፊሸርና ከቬሮኔዚ ጥናት ወዲህ የታወቀ ነገር ነው። ይህን ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

በአገሪቱ ከሐኪሙ ቁጥር የመምህሩ ቁጥር ይበልጣል፤ ሐኪም ከሌለበት ቀበሌም ትምህርት ቤት አለ። የባዮሎጂ መምህር ስለ ሕዋስ ሲያስተምር ያለ ልክ ስለሚራባው ሕዋስ ጥቂት ቢጨምር፣ ርእሰ መምህሩ በወላጆች ስብሰባ ላይ የጤና ባለሙያ ጠርቶ ቢያናግር፣ ሴት መምህራን በመምህራን ክፍል ስለ ጡት እብጠት ያለ ኀፍረት ቢነጋገሩ፣ ተማሪዋ የሰማችውን ለእናቷ ትነግራለች። በጡቷ ወይም በብብቷ አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ያየች ሴት ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት ለማስተማር የሚያስፈልገው ጠመኔና ጥቂት ድፍረት ነው። ላንገር ሥርዐተ ትምህርት ለማዘጋጀት ያቀረበውን ማመልከቻ የተቀበለው አለመኖሩ ለሕክምና ጥበብ ሳይጠቅም አልቀረም። ነገር ግን እርሱና ባልደረቦቹ የሠሩት ዕቃ አንድ ቀን ለኢትዮጵያዊት ሴት ቢደርስ፣ እርስዋ በጊዜ እንድትደርስለት የሚያደርገው መምህሩ ነው።